ዕረፍት ያጣ ዲስክ፦ በሊኑክስ ላይ ውጫዊ ሃርድ ዲስክን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን ምክንያት ለይቶ ስለማወቅ

መግቢያ

ውጫዊ ሃርድ ዲስክ የተመራማሪዎች የዘወትር መሣሪያ ከሆነ ቆይቷል። የቃለ መጠይቅ ድምፅ፣ የመስክ ፎቶግራፍ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚጠራቀመው በዚህ አነስተኛ ሣጥን ውስጥ ነው። ዲስኩ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ በእርግጥ የሚነበብበት ወይም የሚጻፍበት ጊዜ ግን ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሥራ በሌለው ጊዜ መዞሩን አቁሞ እንዲያርፍ መፈለጉ ተገቢ ነው። በተለይ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ፣ ያለ ሥራ የሚዞር ዲስክ የሚበላው ኃይል ቀላል አይደለም።

ሊኑክስን የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች ግን ከዚህ የተለየ ነገር ያስተውላሉ። ዲስኩ ጸጥ ይላል፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ማንም ሳይነካው መልሶ መዞር ይጀምራል። ወይም ደግሞ ፈጽሞ ጸጥ አይልም። ይህ ሲያጋጥም የሚወሰደው የተለመደ እርምጃ የእንቅልፍ ሰዓት ቆጣሪውን ማሳጠር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይህ እርምጃ ምክንያቱ ሳይታወቅ ከተወሰደ የዲስኩን ዕድሜ ሊያሳጥር እንደሚችል ማስረዳት ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «እንዴት ቶሎ ይተኛ?» የሚለው ሳይሆን «ማን ይቀሰቅሰዋል?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚያስገኝ የምርመራ ቅደም ተከተልም ከዚህ በታች ቀርቧል። የትእዛዝና የፕሮግራም ስሞች የተጻፉት እንደ አነባበባቸው ነው።

የዲስክ እንቅልፍ ምንነትና ዋጋው

በሃርድ ዲስክ ውስጥ በማግኔታዊ ንጣፍ የተለበጡ ክብ ሳህኖች አሉ። በአብዛኞቹ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች እነዚህ ሳህኖች በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራሉ፤ 7200 ጊዜ የሚዞሩም አሉ። የማንበቢያና የመጻፊያ ራሶች ሳህኑን አይነኩትም፤ ዙረቱ በሚፈጥረው ስስ የአየር ሽፋን ላይ በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ይንሳፈፋሉ። ሳህኑ ከመቆሙ በፊት ራሶቹ ከገጹ ተነሥተው ከጎን ባለው ማረፊያ ላይ ይቀመጣሉ።

በዲስኮች የጋራ ደንብ መሠረት አራት የኃይል ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ዲስኩ ሥራ ላይ ያለበት ንቁ ሁኔታ ነው። ሁለተኛው ሳህኑ እየዞረ ትእዛዝ የሚጠብቅበት ሥራ ፈት ሁኔታ ነው። ሦስተኛው ሳህኑ ቆሞ የኤሌክትሮኒክ ክፍሉ ብቻ የሚያዳምጥበት ተጠባባቂ ሁኔታ ሲሆን፣ በተለምዶ «እንቅልፍ» የሚባለው ይኸው ነው። አራተኛው ደግሞ ዲስኩ ዳግም ካልተነሣ በቀር መልስ የማይሰጥበት ጥልቅ እንቅልፍ ነው። በተጠባባቂ ሁኔታ ያለ ዲስክ በሳህኑ ላይ ያለ መረጃ ሲጠየቅ ወዲያው መዞር ይጀምራል፤ መረጃውን እስኪያቀርብ ግን ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ።

እንቅልፍ ያለ ዋጋ አይገኝም። ዲስክ ከፍተኛውን የኤሌክትሪክ ጅረት የሚስበው ከቆመበት ተነሥቶ መዞር ሲጀምር ነው። ራሶቹም ከማረፊያቸው ወጥተው በተመለሱ ቁጥር መጠነኛ ድካም ይደርስባቸዋል። በአምራቾች የቴክኒክ መግለጫ ላይ ራሶቹ ለሚወጡበትና ለሚመለሱበት ዑደት 300,000 ወይም 600,000፣ ሳህኑ ለሚነሣበትና ለሚቆምበት ዑደት ደግሞ 50,000 የሚሉ ገደቦች የተለመዱ ናቸው። ገደቡ ሲደርስ ዲስኩ በዚያው ቀን ይሞታል ማለት አይደለም፤ ንድፉ የተሰላበትን ልክ ግን ያሳያል።

ቀላል ስሌት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ፕሮግራም በየ10 ደቂቃው ከዲስኩ ጥቂት ነገር ያነባል እንበል። የእንቅልፍ ቆጣሪው በ20 ደቂቃ ላይ ከተሞላ ዲስኩ ፈጽሞ አይተኛም፤ ኃይል ይባክናል እንጂ የመነሣትና የመቆም ዑደት አይጨምርም። ባለቤቱ በዚህ ተበሳጭቶ ቆጣሪውን ወደ 5 ደቂቃ ቢያወርደው ዲስኩ በቀን 144 ጊዜ፣ በዓመት 52,560 ጊዜ ይተኛል፤ ይነሣልም። ይህም 50,000 የሚለውን ገደብ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ያልፋል። ቀስቃሹ በየ30 ደቂቃው የሚመጣ ቢሆን እንኳ በዓመት 17,520 ዑደት ይሆናል፤ ገደቡም ሦስት ዓመት ሳይሞላ ይደረስበታል። በአንጻሩ ጠዋት ተነሥቶ ማታ የሚቆም ዲስክ በዓመት 365 ዑደት ብቻ ይኖረዋል። ስለሆነም ቀስቃሹ ሳይወገድ ቆጣሪውን ማሳጠር የኃይልን ብክነት በሜካኒካዊ ድካም መለወጥ ነው።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጉዳይ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2007 በኡቡንቱ ተጠቃሚዎች ዘንድ ሰፊ ክርክር አስነሥቶ ነበር። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ራሶቹ ወደ ማረፊያቸው የሚመለሱበት ዑደት ከሚጠበቀው በላይ በፍጥነት ሲያድግ ታየ። የዲስኩ የራሱ ቅንብር ራሶቹን ቶሎ ቶሎ ያሳርፋል፤ ሥርዓተ ክወናው ደግሞ በአጭር ጊዜ ልዩነት ጥቂት ጥቂት ይጽፋል። ሁለቱም ለየብቻቸው ሲታዩ ጤናማ ነበሩ፤ ጉዳቱ የተፈጠረው ሁለቱ ሰዓቶች ሳይተዋወቁ አብረው ሲሠሩ ነው። የውጫዊ ዲስክ ችግርም መልኩ ይኸው ነው።

በመንገዱ ላይ ያሉት እርከኖች

አንድ ጥያቄ ከተጠቃሚው ተነሥቶ ሳህኑ ዘንድ እስኪደርስ አራት እርከኖችን ያልፋል። የመጀመሪያው እርከን ፕሮግራሞችና ከጀርባ የሚሠሩ አገልግሎቶች ናቸው። ሁለተኛው የሥርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ሲሆን፣ የፋይል ሥርዓቱንና በዋና ማኅደረ ትውስታ ላይ ያለውን መሸጎጫ ያስተዳድራል። ሦስተኛው በሣጥኑ ውስጥ ያለው፣ የዩኤስቢን ቋንቋ ወደ ዲስኩ ቋንቋ የሚተረጉም ድልድይ የሚባል ቺፕ ነው። አራተኛው የዲስኩ የራሱ ውስጣዊ ሶፍትዌር ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ በተለይ የተሳሳተ ግምት ይፈጥራሉ። አንደኛው የከርነሉ መሸጎጫ ነው። አንድ ማውጫ ተከፍቶ ዝርዝሩ በመሸጎጫው ውስጥ ካለ፣ ማውጫው እንደገና ሲከፈት መልሱ ከማኅደረ ትውስታ ስለሚመጣ ዲስኩ አይነቃም። ከሰዓታት በኋላ ዝርዝሩ ከመሸጎጫው ወጥቶ ከሆነ ግን ያው ድርጊት ዲስኩን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ አንድን ፕሮግራም ከፍቶ «ይህ አይቀሰቅሰውም» ብሎ በአንድ ሙከራ መደምደም አይቻልም። መጻፍም እንዲሁ ወዲያው አይፈጸምም። በተለመደው ቅንብር ከርነሉ በየ5 ሰከንዱ እየተነሣ፣ 30 ሰከንድ ያለፈውን ያልተጻፈ መረጃ ወደ ዲስክ ይልካል፤ ኤክስት 4 የተባለው የፋይል ሥርዓትም መዝገቡን በየ5 ሰከንዱ ያጸናል። የሚጻፍ ነገር ከሌለ ሁለቱም ዲስኩን አይነኩም።

ሁለተኛው ድልድዩ ነው። አንዳንድ ድልድዮች የእንቅልፍ ትእዛዝን በትክክል ተርጉመው ያሳልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ይውጡታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ኮምፒውተሩ የማያውቀው የራሳቸው ቆጣሪ አላቸው። ስለ ዲስኩ ሁኔታ ሲጠየቁ የተሳሳተ መልስ የሚሰጡም አሉ፤ ሳህኑ እየዞረ «ተኝቷል» የሚል ምላሽ ይመጣል። ስለዚህ በምርመራው መጀመሪያ ላይ ጆሮን ወይም መዳፍን በሣጥኑ ላይ አድርጎ የመሣሪያውን መልስ ከእውነታው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

አራቱ የምርመራ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ዲስኩ መተኛት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። ኤችዲፓርም በተባለው ትእዛዝ፣ በትንሹ ዋይ አማራጭ፣ ዲስኩ ወዲያውኑ እንዲቆም ይታዘዛል። ሦስት ውጤቶች ይኖራሉ። ዲስኩ ካልቆመ ድልድዩ ትእዛዙን አላሳለፈም ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ኤስጂ ስታርት በተባለው ትእዛዝ የማቆሚያ ጥያቄውን በሌላ ቋንቋ መላክ ይሞከራል። ዲስኩ ቆሞ በዚያው ከቆየ ቀስቃሽ የለም፤ ጉድለቱ ያለው ባልተሞላው ወይም በማይሠራው ቆጣሪ ላይ ነው። ዲስኩ ቆሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከተነሣ ግን ቀስቃሽ አለ፤ የሚቀጥሉት ጥያቄዎች ለዚህ ሁኔታ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ዲስኩ ሲነቃ መረጃ ተነቧል ወይስ ተጽፏል የሚለው ነው። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ዲስክ የተፈጸሙ ንባቦችንና ጽሕፈቶችን ቁጥር በፕሮክ ማውጫ ሥር፣ ዲስክስታትስ በሚባል ፋይል ላይ ይመዘግባል። ይህን ፋይል ማየት ዲስኩን አይቀሰቅስም። ዲስኩ ሲተኛ የነበረው ቁጥር ተመዝግቦ ሲነቃ ካለው ጋር ይነጻጸራል። የንባብ ቁጥር ብቻ ካደገ ፋይሎችን የሚያስሱ ፕሮግራሞች ይጠረጠራሉ። የጽሕፈት ቁጥር ካደገ ምዝገባ፣ የጊዜ ማኅተም ወይም የፋይል ሥርዓቱ የራሱ የቤት ሥራ ይጠረጠራል። ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለው ውጤት ግን ሁለቱም ቁጥሮች ሳይለወጡ ዲስኩ የነቃበት ነው። የዲስክን ጤና የሚጠይቁ ትእዛዞች በቀጥታ ወደ መሣሪያው ስለሚያልፉ በተለመደው ቅንብር በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ የቁጥሩ ዝምታ ራሱ ምስክር ነው፤ ፋይል የሚከፍቱ ፕሮግራሞችን ሁሉ ነጻ አውጥቶ ጥርጣሬውን ወደ ጤና ተቆጣጣሪዎች፣ ወደ ድልድዩና ወደ ዲስኩ ያዞረዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ዲስኩ ከፋይል ሥርዓቱ ሲነቀል ምን ይሆናል የሚለው ነው። ገመዱ ሳይነቀል የፋይል ሥርዓቱ ብቻ ይነቀልና ዲስኩ እንዲተኛ ይደረጋል። አሁንም ከነቃ የፋይል ሥርዓቱ ተጠያቂ አይደለም። ካልነቃ ግን ተጠያቂው ፋይሎቹን የሚነካ አንድ ፕሮግራም ወይም የፋይል ሥርዓቱ ራሱ ነው። ይህ ሙከራ ጊዜው አጭር፣ ውጤቱ ግን ፍለጋውን ለሁለት የሚከፍል ስለሆነ ሊዘለል አይገባም።

አራተኛው ጥያቄ ዲስኩ በየስንት ጊዜው ይነቃል የሚለው ነው። የመቀስቀሻው ልዩነት እንደ ጣት አሻራ ነው። በትክክል በየ30 ደቂቃው የሚነቃ ዲስክ ስማርትዲ የተባለውን የጤና ተቆጣጣሪ ያስጠረጥራል፤ ነባር የመጠየቂያ ጊዜው 1800 ሰከንድ ነውና። በየ10 ደቂቃው ከሆነ ዩዲስክስ የተባለው የዲስኮች አገልግሎት በየ10 ደቂቃው የሚያደርገው ዙር መታሰብ አለበት። ይህ አገልግሎት የተኛ ዲስክን ላለመቀስቀስ ታስቦ የተሠራ ቢሆንም፣ ጥንቃቄው የሚሠራው ድልድዩ ስለ ዲስኩ ሁኔታ እውነቱን ሲናገር ነው። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የዕለት ተዕለት የፋይል ቆጠራ ወይም የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራ ነው። ሥርዓት የሌለው ልዩነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተጠቃሚውን እንቅስቃሴ ተከትሎ ከሚሠራ ፕሮግራም ይመጣል።

እነዚህ አራት ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ስሙን ለማወቅ የሚረዱ መሣሪያዎች አሉ። ፋትሬስ የተባለው ፕሮግራም የትኛው ሂደት የትኛውን ፋይል እንደነካ በየቅጽበቱ ያሳያል። ኤልኤስኦኤፍ በዚያ ሰዓት ክፍት የሆኑ ፋይሎችን ይዘረዝራል። በፋይል ደረጃ የማይታየውን የከርነል ሥራ ደግሞ ቢኤልኬትሬስ ወደ ዲስኩ የሚላኩትን ጥያቄዎች በመከታተል ያጋልጣል። የእነዚህ መሣሪያዎች ውጤት በምርመራ ላይ ባለው ዲስክ ላይ መመዝገብ የለበትም፤ አለበለዚያ መርማሪው ራሱ ቀስቃሽ ይሆናል።

የተለመዱ ቀስቃሾችና መፍትሔዎቻቸው

ከጤና ተቆጣጣሪዎች ሲጀመር፣ በስማርትዲ የቅንብር ፋይል ላይ ትንሹ ኤን የሚባለው አማራጭ ስታንድባይ ከሚለው ቃል ጋር ሲገባ አገልግሎቱ የተኛ ዲስክን አልፎ ይሄዳል። ድልድዩ ስለ ዲስኩ ሁኔታ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም፤ ውጫዊውን ዲስክ ከክትትሉ አውጥቶ ጤናውን በተወሰነ ጊዜ በእጅ መጠየቅ ይሻላል።

ከንባብ ቀስቃሾች መካከል የፋይል አሳሾች ቀዳሚ ናቸው። በግኖም ላይ ቀድሞ ትራከር ይባል የነበረውና በኬዲኢ ላይ ባሉ የተባለው አገልግሎቶች ፋይሎችን ለፍለጋ ያዘጋጃሉ፤ ውጫዊው ዲስክ በዝርዝራቸው ውስጥ መኖር አለመኖሩን መመልከት ያስፈልጋል። አፕዴትዲቢ የተባለው የፋይል ቆጠራም በብዙ ሥርዓቶች በየቀኑ ይካሄዳል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ነባር ቅንብር ሚዲያ በሚባለው ማውጫ ሥር ያለ ዲስክ ከቆጠራው ውጭ ነው። ተጠቃሚው ዲስኩን በሌላ ማውጫ ላይ ሲያያይዘው ግን ይህ ጥበቃ ይቀራል፤ ማውጫውን በቆጠራው የማግለያ ዝርዝር ላይ መጨመር ይኖርበታል።

ከጽሕፈት ቀስቃሾች አንዱ አንድ ፋይል በተነበበ ጊዜ የሚታደሰው የንባብ ጊዜ ማኅተም ነው። ከ2009 ጀምሮ የከርነሉ ነባር አሠራር ይህን ማኅተም ለእያንዳንዱ ንባብ አያድስም፤ ፋይሉ ከማኅተሙ ወዲህ ከተለወጠ ወይም ማኅተሙ 24 ሰዓት ካለፈው ብቻ ያድሳል። እንዲያም ሆኖ ከመሸጎጫ የተነበበ ፋይል እንኳ በዚህ ምክንያት ጽሕፈት ሊያስከትል ይችላል። ለመረጃ ማከማቻ በሚውል ዲስክ ላይ ኖኤታይም የሚለውን አማራጭ መጠቀም ጉዳት የለውም፤ ይህን ቀስቃሽም ፈጽሞ ያስወግዳል።

ሌላው ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው በአዲስ ዲስክ ላይ የሚታየው ነው። ትልቅ ዲስክ በኤክስት 4 ሲዘጋጅ ዝግጅቱ በፍጥነት ያልቃል፤ የፋይል መዝገብ ሰንጠረዦቹን የማጽዳት ሥራ ግን ለኋላ ይቀራል። ዲስኩ ሲያያዝ በከርነሉ ውስጥ ያለ አንድ ሂደት ይህን ቀሪ ሥራ ቀስ እያለ ለሰዓታት ያከናውናል። ማንም ፋይል ስላልከፈተ ኤልኤስኦኤፍ ምንም አያሳይም፤ የጽሕፈት ቁጥሩ ግን ያድጋል። እዚህ ላይ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ጽሕፈቱ ይቆማል፤ ዳግመኛም አይመለስም።

ቀስቃሹ ከተወገደ በኋላ ነው ቆጣሪው የሚሞላው። የኤችዲፓርም ትልቁ ኤስ አማራጭ የሚቀበለው ቁጥር ደቂቃ አይደለም። ከ1 እስከ 240 ያለው እያንዳንዱ ቁጥር 5 ሰከንድን ይወክላል፤ ስለዚህ 120 ማለት 10 ደቂቃ፣ 240 ማለት 20 ደቂቃ ነው። ከ241 እስከ 251 ያሉት በ30 ደቂቃ ይቆጠራሉ፤ 241 ግማሽ ሰዓት፣ 242 አንድ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት አስቦ 30 የሚል ቁጥር ያስገባ ሰው ዲስኩን በሁለት ደቂቃ ተኩል እንዲተኛ አዝዟል። ትልቁ ቢ አማራጭ ደግሞ የዲስኩን የራሱን የኃይል አስተዳደር ይወስናል፤ ከ1 እስከ 127 ያሉት ደረጃዎች ሳህኑ እንዲቆም ይፈቅዳሉ፣ ከ128 እስከ 254 ያሉት አይፈቅዱም። እነዚህ ቅንብሮች ዲስኩ ከኃይል ሲለይ ሊጠፉ ስለሚችሉ በዩዴቭ ደንብ ወይም በኤችዲፓርም የቅንብር ፋይል ላይ መጻፍ አለባቸው።

ድልድዩ የዲስኩን ቆጣሪ ለመሙላት የማይፈቅድ ከሆነ፣ ኤችዲ አይድል የተባለው አነስተኛ አገልግሎት ሥራውን ከኮምፒውተሩ በኩል ይይዛል። ከላይ የተጠቀሰውን የዲስክስታትስ ቆጠራ እየተከታተለ፣ ቁጥሩ ለተወሰነ ጊዜ ሳይለወጥ ሲቀር የማቆሚያ ትእዛዝ ይልካል። ነባር ጊዜው 600 ሰከንድ ነው።

የጥገናው ውጤት መለካት አለበት። የዲስኩ የጤና መዝገብ በተራ ቁጥር 4 ላይ ሳህኑ የተነሣበትንና የቆመበትን፣ በተራ ቁጥር 193 ላይ ራሶቹ ወደ ማረፊያቸው የተመለሱበትን ቁጥር ይይዛል። እነዚህን ቁጥሮች ዛሬ መዝግቦ ከሳምንት በኋላ ማነጻጸር ይገባል። በቀን ጥቂት ዑደት ከተገኘ ጥገናው ሠርቷል። በቀን ብዙ አሥር ዑደቶች ከታዩ ሌላ ቀስቃሽ ቀርቷል፤ እሱ እስኪገኝ ድረስ ቆጣሪውን ማስረዘም ወይም ማጥፋት ለዲስኩ ይሻላል።

ማጠቃለያ

ዕረፍት ያጣ ውጫዊ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ዲስክ አይደለም። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሰዓት የሚቆጥሩ አራት እርከኖች ሳይመካከሩ ሲሠሩ የሚፈጠር ምልክት ነው። ምርመራው ዲስኩ መተኛት መቻሉን፣ ሲነቃ ቁጥሩ መለወጡን፣ የፋይል ሥርዓቱ ሲነቀል የሚሆነውንና የመቀስቀሻውን ልዩነት በቅደም ተከተል ከጠየቀ፣ ተጠያቂው እርከን በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይታወቃል። ቆጣሪው መነካት ያለበት ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ከጥገናው ወሰን ውጭ ይቀራል። በሚገባ የሚተኛና በሚገባ የሚነሣ ዲስክም ቢሆን አንድ ቀን መነሣት እምቢ ይላል። የቃለ መጠይቁ ድምፅና የጽሑፉ ረቂቅ በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ካሉ፣ የዓመታት ድካም በአንድ ሞተር ላይ ተንጠልጥሏል። የእንቅልፉ ጉዳይ የዲስኩን ዕድሜ ይጠብቃል፤ ሥራውን የሚጠብቀው በሌላ ቦታ የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ ነው።